ከእምኩሉ እስከ ነቀምቴ፦ ቅርስ፥ ማንነትና የስደተኞች ፖለቲካ

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ ለመምህራን የቀረበ ንግግር)



የዚህ ንግግር ዓላማ ከአገራቸው ርቀው የኖሩ ሰዎች ለቋንቋቸው፥ ለቅርሳቸውና ለሕዝባቸው መብት ያደረጉትን ጥረት፥ በተለይም ከነቀምቴና ከወለጋ ከተሞች ጋር የተያያዘውን፥ መመርመር ነው። ለንጽጽርም ያህል ከፑንጃብ ወጥተው በአሜሪካ፥ በካናዳና በምሥራቅ አፍሪካ የሰፈሩ ሕንዳውያን ታሪክ በአጭሩ ይጠቀሳል። የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የሚመረመረውም ጥያቄ ይህ ነው። ከአገር የወጣ ሰው የአገሩን ቅርስ በውጭ ጠብቆ ሊያቆይ ይችላልን? ቢችልስ፥ ያቆየው ቅርስና በስሙ የሚያካሂደው ፖለቲካ አገር ቤት ለቀረው ወገኑ የሚበጀው በምን ሁኔታ ነው?

ከሁሉ አስቀድሞ መነሣት ያለበት የእምኩሉ ማኅበር ነው። እምኩሉ ከምጽዋ ወደብ አጠገብ ያለች የቆላ መንደር ናት። በ19ኛው ምዕተ ዓመት ሁለተኛ አጋማሽ የስዊድን ወንጌላዊ ሚሲዮን በዚያ ትምህርት ቤት ከፍቶ ነበር። ከተማሪዎቹም መካከል ከኦሮሞ ምድር በባሪያ ፈንጋዮች ተይዘው፥ ከገበያ ወደ ገበያ እየተሸጡ ወደ ባሕሩ ዳርቻ ከደረሱ በኋላ ነጻ የወጡ ልጆች ይገኙ ነበር። እነዚህ ልጆች በፈቃዳቸው የተሰደዱ አልነበሩም፤ ከእናት ከአባታቸው የተነጠቁ ነበሩ። ከቤታቸው ይዘውት የወጡት ዕቃ አልነበረም። የነበራቸው ቅርስ በአንደበታቸውና በትዝታቸው ያለው ብቻ ነበር።

ከእነርሱ አንዱ በኋላ ኦኔሲሞስ ነሲብ የተባሉት ናቸው። የተወለዱት በ1856 ገደማ በኢሉባቦር፥ ሁሩሙ አካባቢ ሲሆን፥ የልጅነት ስማቸው ሂካ ነበር፤ ትርጉሙም ፈቺ ወይም ተርጓሚ ማለት ነው። በልጅነታቸው ተይዘው ብዙ ጊዜ ከተሸጡ በኋላ በ1870 ምጽዋ ላይ በቬርነር ሙንዚንገር አማካይነት ነጻ ወጡ። ከዚያም በሚሲዮኑ ትምህርት ቤት ተማሩ፤ ከ1876 እስከ 1881 በስዊድን አገር ዮሐነሉንድ በተባለው ትምህርት ቤት ቆይተው ተመለሱ። ወደ ትውልድ አገራቸው ለመግባት አንድ ጊዜ በሱዳን በኩል፥ ሌላ ጊዜም በታጁራና በሸዋ በኩል ሞክረው አልተሳካላቸውም። በሩ በተዘጋባቸው ጊዜም እምኩሉ ተቀምጠው የኦሮምኛን መጻሕፍት በግዕዝ ፊደል ማዘጋጀት ቀጠሉ። አዲስ ኪዳን በ1893፥ መላው መጽሐፍ ቅዱስም በ1899 ታተመ።

ይሁን እንጂ ኦኔሲሞስ ብቻቸውን አልሠሩም። አስቴር ጋኖ የተባሉት ሴት ከሊሙ እናርያ በባርነት ተሸጠው፥ በመርከብ ወደ ዐረብ አገር ሲወሰዱ በ1886 የኢጣሊያ መርከቦች አስጥለዋቸው እምኩሉ የደረሱ ነበሩ። ኦኔሲሞስ በልጅነታቸው ከቋንቋው ምድር የተነጠቁ በመሆናቸው፥ የአስቴር የቋንቋ ችሎታ ለሥራው የነበረው ዋጋ እጅግ ከፍ ያለ ነው። አስቴር የኦሮምኛን ቃላት ሰብስበው መዝገበ ቃላት አዘጋጁ፤ ይህም አዲስ ኪዳኑን ለማረም አገለገለ። ከዚህም በላይ 500 ያህል እንቆቅልሾችን፥ ተረቶችን፥ ምሳሌያዊ አነጋገሮችንና ዘፈኖችን በጽሑፍ አሰፈሩ። ከእነዚህ ብዙዎቹ በ1894 ለጀማሪ አንባቢዎች በታተመው የንባብ መጽሐፍ ውስጥ ገቡ።

እዚህ ላይ መምህር የሆነ ሁሉ ቆም ብሎ ሊያስብበት የሚገባ ነገር አለ። በባርነት የተሸጠች ልጅ ለሕዝቧ ያቆየችው ቅርስ የጦር መሣሪያ ወይም የዘውድ ጌጥ አልነበረም፤ ማታ ማታ በእሳት ዳር የሚጠየቅ እንቆቅልሽ ነበር። እርሱንም ሙዚየም ውስጥ አላስቀመጠችውም፤ ለሕፃናት የንባብ ትምህርት አደረገችው። የባሪያ ነጋዴ ዋጋ የቆረጠለት ሰው ቋንቋ በማተሚያ ቤት ሲታተም፥ ማንም የፖለቲካ ንግግር ሳያደርግ፥ ታላቅ የፖለቲካ ሥራ ተሠርቷል።

በ1904 ኦኔሲሞስ፥ አስቴርና ባልንጀሮቻቸው ነቀምቴ ገቡ። የሌቃ ነቀምቴ ገዥ ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር፥ በትውልድ ስማቸው ኩምሳ ሞረዳ፥ በክብር ተቀበሏቸው። እነርሱም ከረጅሙ ጉዞ በኋላ ትምህርት ቤት ከፍተው ሥራ ጀመሩ። ነገር ግን መምጣታቸው ያለ ተቃውሞ አላለፈም። በ1906 ኦኔሲሞስ ተከሰው አዲስ አበባ ድረስ ቀረቡ፤ አጼ ምኒልክም ወደ ነቀምቴ እንዲመለሱ ፈቅደው እንዳይሰብኩ ከለከሏቸው። ፈቃድ የተሰጣቸው በ1916፥ በልጅ ኢያሱ ዘመን ነበር። ኦኔሲሞስ በ1931 ነቀምቴ ውስጥ ዐረፉ፤ አስቴርም እስከ 1964 ኖሩ።

የዚህ ታሪክ ፍሬ ነገር እንግዲህ መመለሱ ላይ ነው። መጻሕፍቱ በምጽዋ ዳርቻና በስዊስ አገር ሲታተሙ የሰዎች የድካም ፍሬ ነበሩ፤ የሕዝብ ቅርስ የሆኑት ግን የወለጋ ልጅ እያነበነበ ባጠናቸው ጊዜ ነው። ጸሐፊዎቹም የጻፉት የሚያስከትለውን መከራ ከአንባቢዎቻቸው ጋር አብረው ተቀበሉ። ክስ ሲመጣ የተከሰሱት እነርሱ ራሳቸው ነበሩ።

ይህ ነገር በወለጋ ብቻ የታየ አይደለም። ከ19ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ጀምሮ የፑንጃብ ገበሬዎችና ከብሪታንያ ጦር የተሰናበቱ ወታደሮች ወደ ካናዳና ወደ አሜሪካ ምዕራባዊ ዳርቻ እየሄዱ በእንጨት መሰንጠቂያና በእርሻ ሥራ ተሰማሩ። ከ1896 እስከ 1901 ከሞምባሳ ወደ ውስጥ የተዘረጋውን የምድር ባቡር ለመሥራትም ከ30 ሺህ የሚበልጡ ሕንዳውያን ሠራተኞች ወደ ምሥራቅ አፍሪካ መጡ፤ ብዙዎቹ ፑንጃባውያን ነበሩ። በካሊፎርኒያ፥ በስቶክተን ከተማ፥ በ1912 የሲክ ሃይማኖት ተከታዮች ያቋቋሙት ቤተ ጸሎት የጸሎት ቦታ ብቻ አልነበረም፤ እንግዳ ማረፊያ፥ ምግብ ቤትና የፖለቲካ መወያያም ነበር። በ1913 የገደር ፓርቲ ተመሠረተ፤ በዚያው ዓመት በሳን ፍራንሲስኮ መጀመሪያ በኡርዱ፥ ቀጥሎም በጉርሙኪ ፊደል ጋዜጣ አወጣ። በ1914 ኮማጋታ ማሩ በተባለች መርከብ ቫንኩቨር የደረሱት 376 መንገደኞች ከጥቂቶቹ በቀር እንዳይወርዱ ተከልክለው ሲመለሱ፥ ስደተኞቹ በባዕድ አገር መናቃቸውና የአገራቸው በቅኝ ግዛት መያዝ አንድ ነገር መሆኑን ተረዱ።

የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሲነሣ ከእነዚህ ስደተኞች ብዙዎች ለአመጽ ወደ ፑንጃብ ተመለሱ። በየካቲት 1915 ሊነሣ የታሰበው አመጽ ተደርሶበት ከሸፈ። ካርታር ሲንግ ሳራባ የተባለው ወጣት በ19 ዓመቱ ላሆር ላይ ተሰቀለ። በኬንያም ከፑንጃብ በልጅነቱ የመጣው ማካን ሲንግ የሠራተኛ ማኅበራትን አደራጅቶ፥ በ1950 ለምሥራቅ አፍሪካ ነጻነት በግልጽ በመጠየቁ እስከ 1961 በግዞት ኖረ። የእነዚህ ሰዎች መንገድ ከእምኩሉ መምህራን የተለየ ነው፤ የሚያመሳስላቸው ግን የተናገሩትን ዋጋ ራሳቸው መክፈላቸው ነው።

ወደ ወለጋ እንመለስና፥ በአጼ ኃይለ ሥላሴ ዘመን በኦሮምኛ ማስተማርና ማሳተም በእጅጉ ጠብቦ ነበር። ከምዕራብ ወጥቶ አዲስ አበባ የገባ ወጣት ባሕር ሳይሻገር እንግድነት ይሰማው ነበር። በ1963 አዲስ አበባ ውስጥ የተቋቋመው የሜጫና ቱለማ መረዳጃ ማኅበር ለመንገድ፥ ለትምህርት ቤትና ለሕክምና ገንዘብ ማሰባሰብ ሲጀምር፥ የከተማ ስደተኛው ለትውልድ መንደሩ ያለበትን ዕዳ የመክፈል መንገድ ነበር። መንግሥት ግን ማኅበሩን በ1967 ዘጋው፤ መሪዎቹ ታሰሩ፤ ማሞ መዘምር በ1969 ተሰቀሉ። ለመረዳዳት የተሰበሰበ ሕዝብ ሲበተን ጥያቄው አልተበተነም፤ ወደ ተማሪዎች መኖሪያና ወደ ባሕር ማዶ ተሻገረ እንጂ።

ባሕር ማዶ ከነበሩት የወለጋ ልጆች አንዱ የአርጆው ተወላጅ ኃይሌ ፊዳ ነበሩ። ፈረንሳይ አገር ተምረው፥ በ1968 ሃምቡርግ ላይ በአውሮፓ የነበሩ ኢትዮጵያውያን ተማሪዎች ከመሠረቱት ከመኢሶን መሪዎች አንዱ ሆኑ። በ1970ዎቹ መጀመሪያም የኦሮምኛን ሰዋስው በላቲን ፊደል አዘጋጁ። እኒህ ሰው የአንዱን ሕዝብ ቋንቋ ማክበርና የመላዋን አገር ለውጥ መሻት እርስ በርስ የሚጣሉ ነገሮች ናቸው ብለው አላመኑም። በ1975 አገራቸው ገብተው በአብዮቱ ተካፈሉ። ከደርግ ጋር የነበራቸው ትብብር እስከ ዛሬ ያከራክራል፤ መኢሶን ከደርግ ጋር ከተለያየ በኋላ ተይዘው በ1979 ተገደሉ። በፖለቲካቸው የሚስማማም የማይስማማም ሊክደው የማይችለው ግን፥ በፓሪስ የጻፉት ሰዋስው ለቋንቋው ጥናት እርምጃ መሆኑንና እርሳቸውም ከውጤቱ ርቀው አለመቀመጣቸውን ነው።

ከዚያ ወዲህ ስደቱ የጥቂት ምሁራን መሆኑ ቀርቶ የሕዝብ ሆነ። በደርግ ዘመን ከወለጋ ብዙዎች ድንበር ተሻግረው ሱዳን ገቡ፤ ከዚያም ወደ አውሮፓ፥ ወደ ካናዳና ወደ አሜሪካ ተበተኑ። ዛሬ በሚኒሶታ፥ በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል ከተሞች፥ ከኢትዮጵያ ውጭ ካሉት ትልልቅ የኦሮሞ ማኅበረሰቦች አንዱ ይገኛል። እዚያ እሬቻ በሐይቅ ዳር ይከበራል፤ ወላጆች ልጆቻቸው አፋን ኦሮሞ እንዳይረሱ ይጥራሉ፤ ለቅሶና ሠርግ በእድር ልማድ ይፈጸማል። በ2014 ከሚኒያፖሊስ የተጀመረው የኦሮሞ ሚዲያ ኔትዎርክ፥ ከ2015 እስከ 2018 በኦሮሚያ በተነሣው ሕዝባዊ ተቃውሞ ጊዜ፥ በአገር ውስጥ ያልተነገረውን ዜና ወደ አገር ውስጥ ያስተላልፍ ነበር። ይህ አገልግሎት ሊካድ አይገባውም። አፉ የታፈነ ሰው ድምፁን ከሩቅ ቢሰማ ብቻውን አለመሆኑን ያውቃል።

ሆኖም ለስደተኛ ትዝታ አንድ ጠባይ አለው። ስደተኛው የሚያስታውሳት ነቀምቴ እርሱ በወጣበት ቀን የቆመች ናት። ሰፈሩ ተለውጧል፤ የተወው ሕፃን አድጎ ወልዷል፤ ጎረቤቱ የሚፈራውና የሚመኘው ነገር ሌላ ሆኗል። ትዝታው ግን እንደ ፎቶግራፍ ባለበት ይኖራል። ሰው ፎቶግራፉን መውደዱ ጥፋት የለበትም፤ ጥፋቱ ነዋሪው ፎቶግራፉን እንዲመስል ማዘዝ ሲጀምር ነው።

ፑንጃባውያንም ይህን ፈተና አይተውታል። በሰኔ 1984 የሕንድ ጦር አምሪትሳር ከተማ ወደሚገኘው የወርቅ ቤተ መቅደስ ገብቶ ብዙ ሰው በተገደለ ጊዜ፥ በካናዳና በብሪታንያ የሚኖሩ ሲኮች ኀዘንና ቁጣ ጥልቅ ነበር፤ ቁጣቸውም ምክንያት ነበረው። ነገር ግን በካናዳ የነበሩ ጥቂት አክራሪዎች ያጠመዱት ቦምብ በሰኔ 23 ቀን 1985 የኤር ኢንድያን አውሮፕላን በአየር ላይ አፈነዳ፤ 329 ሰዎች ዐለቁ። ከሟቾቹ አብዛኞቹ የሕንድ ትውልድ ያላቸው የካናዳ ዜጎች ነበሩ። በደለኛ የተባለው መንግሥት ሳይሆን፥ ለዘመድ ጥየቃ የሚጓዙ ቤተ ሰቦች ሞቱ። ብዙኃኑ ስደተኛ ይህን ሥራ አልወደደም፤ ቢሆንም ለረጅም ዘመን ስሙ በጥቂቶቹ ሥራ ሲነሣ ኖረ።

የወለጋም የቅርብ ዘመን ታሪክ በዚህ ረገድ የሚያሳዝን ነው። በ2018 የፖለቲካው በር ሲከፈት በውጭ የነበሩ ብዙዎች ተመለሱ፤ ደስታውም ታላቅ ነበር። ዳሩ ግን ከዚያው ዓመት መጨረሻ ጀምሮ በምዕራቡ የወለጋ ክፍል በመንግሥት ኃይልና በታጣቂዎች መካከል ውጊያ ተነሣ። በ2020 መጀመሪያ የስልክና የኢንተርኔት አገልግሎት ለሦስት ወር ያህል ተቋረጠ። በሰኔ 2022 በጊምቢ ወረዳ፥ ቶሌ ላይ፥ በመቶዎች የሚቆጠሩ፥ አብዛኞቹ አማሮች የሆኑ፥ ለብዙ ዘመን በዚያ የኖሩ ነዋሪዎች ተገደሉ። በእነዚህ ዓመታት ኦሮሞውም፥ አማራውም፥ ሌላውም ገበሬ ሞቷል፥ ተፈናቅሏል፤ ልጆችም ከትምህርት ገበታ ተለይተዋል። በዚያው ጊዜ፥ ሌሊት የተኩስ ድምፅ በማይሰማባቸው ሩቅ ከተሞች የተቀመጡ ሰዎች፥ የአንዱም የሌላውም ወገን ደጋፊ ሆነው፥ የሟቹን ቁጥር መከራከሪያ አደረጉት። አባቶች «በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት» ያሉት እንዲህ ያለውን ነገር ነው።

ከዚህ የተነሣ ስደተኛ ስለ አገሩ አይናገር ማለት አይገባም። እንዲህ ከተባለ የኦኔሲሞስም፥ የገደር ጋዜጣም፥ የኃይሌ ፊዳም ሰዋስው ባልኖረ ነበር። መጠየቅ ያለበት ግን አንድ ነገር ነው፤ የተናገርኸው ቃል የሚያስከትለውን ዕዳ የሚከፍለው ማን ነው? አስቴርና ኦኔሲሞስ ለዚህ ጥያቄ በሕይወታቸው መልስ ሰጥተዋል። አካሉን ማስመለስ ያልቻለ ሰው ቢያንስ ቃሉን ከመወርወሩ በፊት በነቀምቴ ገበያ፥ በደምቢ ዶሎ ወይም በሻምቡ ከተማ የሚውለውን ሰው ሊያስብ ይገባዋል።

የነገሩ ግማሽ ደግሞ አገር ቤት ባለው ሰው፥ በተለይም በመምህሩ ትከሻ ላይ ይወድቃል። ቅርስ በአገሩ የሚጠብቀው ሲያጣ፥ የስብሰባ ባንዲራ ብቻ ሆኖ ይቀራል። ለምሳሌ የፊደልን ነገር ማንሣት ይቻላል። የእምኩሉ መጻሕፍት የተጻፉት በግዕዝ ፊደል ነው። በ1975 የተጀመረው በሪሳ ጋዜጣም ሆነ በ1979 በ15 ቋንቋዎች የተካሄደው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ የተጠቀሙት በዚሁ ፊደል ነበር። በኅዳር 1991 አፋን ኦሮሞ በላቲን ፊደል፥ ማለት በቁቤ፥ እንዲጻፍ ተወሰነ፤ ቋንቋውም ከዚያ ወዲህ በትምህርት ቤት፥ በፍርድ ቤትና በዩኒቨርሲቲ በሰፊው ሠርቷል። ውሳኔውን እንደገና መከራከሪያ ማድረግ አያስፈልግም። ነገር ግን የዛሬው ተማሪ የግዕዝን ፊደል የሚያውቀው የአማርኛ ትምህርት አድርጎ ነው። አስቴር ጋኖ የሰበሰቡት የአያቶቹ እንቆቅልሽ በመጀመሪያ የተጻፈው በዚያው ፊደል መሆኑን የሚነግረው ከሌለ፥ የራሱን ቤት በር የሌላ ሰው በር ነው ብሎ ያልፈዋል። በፑንጃብም አንዱ ቋንቋ በሕንድ በኩል በጉርሙኪ፥ በፓኪስታን በኩል በሻህሙኪ ፊደል ስለሚጻፍ፥ የአንድ አያት የልጅ ልጆች ደብዳቤ መጻጻፍ አቅቷቸዋል። ይህ በወለጋ እንዳይደርስ መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ የድሮዎቹን ጽሑፎች በቁቤ ገልብጦ፥ ዋናውንም አጠገቡ አስቀምጦ ማስተማር ነው።

ሁለተኛው ሥራ አስቴር የጀመሩትን መቀጠል ነው። በነቀምቴ የኩምሳ ሞረዳ ግቢና የወለጋ ሙዚየም ይገኛሉ፤ በ2007 ሥራውን የጀመረው የወለጋ ዩኒቨርሲቲም አለ። ይሁን እንጂ በነጆ፥ በመንዲ፥ በአርጆና በጊምቢ ያለ እያንዳንዱ ትምህርት ቤት የራሱ ደብተር ሊኖረው ይችላል። ተማሪው ከአያቱ የሰማውን ተረት፥ ምሳሌና የቦታ ስም ታሪክ ከነተናጋሪው ቋንቋ ይመዝግብ፤ የኦሮሞው ብቻ ሳይሆን ከእርሱ ጋር የኖረው የአማራው፥ የጉራጌውና የሌላውም ትዝታ በዚያው ደብተር ይግባ። ከቤተ ሰቡ ሰው ውጭ አገር ያለውም የዘመዱን ደብዳቤና ፎቶግራፍ ግልባጭ ያስቀምጥ። ባሕር ማዶ ያለው ወገንም ገንዘቡንና ቃሉን ሲልክ፥ ለሰልፍ ብቻ ሳይሆን ለዚህ ደብተር፥ ለመጻሕፍት ቤቱና ለተቃጠለው የመማሪያ ክፍል ጣራ እንዲልክ መጠየቅ ይገባል።

በ1904 ነቀምቴ የገቡት ሰዎች ለብዙ ዓመታት በሰው አገር የጠበቁትን ነገር ጭነው መጡ። ጭነቱ ሲፈታ የተገኘው መጽሐፍ፥ ፊደልና የሕፃናት እንቆቅልሽ ነበር። ስለ ቅርስና ስለ ማንነት የሚናገር ሁሉ፥ በነቀምቴም ይሁን በሚኒያፖሊስ፥ የራሱን ጭነት በዚህ መመዘን ይችላል፤ አገር ቤት ደርሶ ቢፈታ አንድ ልጅ የሚማርበት ነገር በውስጡ ይገኛልን?